ጥንቅሽን ለኢታኖል ለማዳቀል ምን ምን ይለካ? የወሎን ማሽላ የምታውቁ እርዱኝ

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምኖር የዕፅዋት ማዳቀል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ በአካባቢያችን ጥንቅሽ የምንለው አገዳው ጣፋጭ ማሽላ ለኢታኖል የሚሆን ዝርያ ለማውጣት የሚበቃ የዘረመልና የባህርይ ልዩነት በውስጡ ይዟል ወይ የሚል ነው። ርእሱን በዘፈቀደ አልመረጥሁትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ እንደነበር፣ ኢታኖሉም ከስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ይገኝ እንደነበር ከተማርሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። የሸንኮራ አገዳን ያህል ውኃ የማይጠይቅ፣ በዓመት ውስጥ ተዘርቶ የሚታጨድ፣ እህሉም አገዳውም የሚጠቅም ሰብል በደጃችን እያለ ለምን በቅጡ አልተጠናም?

ባለፈው ኅዳር ከቃሉ፣ ከባቲ፣ ከወረባቦና ከተሁለደሬ ወረዳዎች 31 ናሙናዎችን ሰብስቤአለሁ። በእጅ በሚያዝ ሪፍራክቶሜትር የጭማቂውን ብሪክስ፣ ማለትም በጭማቂው ውስጥ የሟሟው ጠጣር ነገር በመቶኛ ስንት እንደሆነ፣ ስለካ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። ሐርቡ አጠገብ ከአንድ ማሳ ዳር የቆረጥሁት አንድ አገዳ ከሥሩ በኩል ካለው አንጓ 11፣ ከመሃሉ 17፣ ከዛላው በታች ካለው ደግሞ 14 አሳየኝ። አገዳው አንድ፣ እጄ አንድ፣ መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት ቁጥር ስላገኘሁ የትኛውን እንደምመዘግብ አላወቅሁም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ስም ነው። ከሰበሰብኋቸው ውስጥ ወተት በጉንጬ እና ማር ጩቄ የተባሉ አሉበት። ስማቸው ራሱ ጣፋጭነታቸውን ስለሚናገር ከጥንቅሾቹ ጋር ደርቤ ቆጥሬአቸዋለሁ፤ ልክ ነኝን? ሦስተኛው፣ አንድ የማከብራቸው መምህር «ብሪክሳቸው ከፍተኛ የሆኑትን አምስቱን ምረጥና እርስ በርስ አዳቅላቸው» ብለው መክረውኛል። ምክሩ ቀላልና ግልጽ ቢሆንም ልቤ አልተቀበለውም፤ ለምን እንዳልተቀበለው ግን በቃል ማስረዳት አልቻልሁም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።


ማሽላ አዳቃይ (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ ጦሳ ግርጌ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ዕድሜዬን ከማሽላ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ጥንቅሽን ከልጆች ማኘኪያ በላይ አድርጎ የሚያየው ወጣት ሲገኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መልሴ ስለሚረዝም ታገሠኝ።

በስሙ ልጀምር። ወተት በጉንጬንና ማር ጩቄን ከጥንቅሽ መዝገብ አውጣቸው፤ ነገር ግን አትጣላቸው፣ በሌላ መዝገብ ያዛቸው። የእነርሱ ጣዕም ያለው እህሉ ውስጥ ነው እንጂ አገዳው ውስጥ አይደለም። ፍሬው ገና ወተት ሲቋጥር ጀምሮ እሸቱ ተጠብሶ የሚበላው ለዚያ ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ፍሬው ጨምደድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽላዎችን ፈትሸው ላይሲን የተባለውን ለሰውነት አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል በብዛት የያዙ ሁለት ማሽላዎች ማግኘታቸውን ባስታወቁ ጊዜ፣ ሁለቱም የተገኙት ከኢትዮጵያ፣ ያውም ከወሎ ነበር። የእኛ እናቶች ግን ከዚያ በፊት በጣዕሙ ለይተው፣ ስም አውጥተው፣ ለልጅ እሸት እያሉ ዘርተውታል። ስለዚህ ስሙ አላታለለህም፤ የሚናገረው ስለ ሌላ የሰብሉ ክፍል ብቻ ነው። እህሉ ጣፋጭ የሆነና አገዳው ጣፋጭ የሆነ ማሽላ በዘረመልም በጥቅምም የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ብትቀላቅል የጥናትህ ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው ረድፍ ይበላሻል።

ወደ ጥንቅሹ ስንመጣ፣ ጥንቅሽ የአንድ ዘር ስም እንዳይመስልህ። ሐርላንና ደ ዌት የተባሉ የሰብል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 የታረሰውን ማሽላ በዛላውና በፍሬው ቅርጽ ባይከለር፣ ጊኒ፣ ኮዳተም፣ ካፊርና ዱራ ብለው በአምስት ዋና ዋና ዘሮች ከፍለውታል፤ የእኛ አገር ማሽላ በአብዛኛው ዱራና ከእርሱ ጋር የተደባለቀ ነው። አገዳቸው ጣፋጭ የሆኑት ግን በአንዱ ዘር ብቻ ተወስነው አይገኙም። በዲኤንኤ ሲፈተሹ ከየዘሩ ተበታትነው፣ አንዳንዶቹም ከጣፋጭ ወንድሞቻቸው ይልቅ ለእህል ማሽላ ቀርበው ይታያሉ። ይህ ማለት ጣፋጭነት በተለያየ ቦታና ጊዜ በተለያየ ገበሬ እጅ ተመርጦ የወጣ ባህርይ ነው ማለት ነው። ለአዳቃይ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ምክንያቱም ከወረባቦ ያመጣኸው ጥንቅሽና ከባቲ ያመጣኸው ጥንቅሽ ስኳሩን የሚያጠራቅሙት በተለያዩ ዘረመሎች አማካይነት ከሆነ፣ ሲዳቀሉ ከሁለቱም ወላጆች የሚበልጥ ልጅ ሊወጣ ይችላል። ብሪክሳቸው ከፍተኛ የሆኑት አምስቱ ግን ከአንድ ጎጥ የወጡ የአንድ እናት ልጆች ቢሆኑስ? ብታዳቅላቸው ያለህን ደግመህ ታገኛለህ። ልብህ ያልተቀበለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ደግሞ ነዳጅ የሚሠራው ከጣፋጭነት ሳይሆን ከስኳር መጠን መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ዓይነት ጥንቅሽ እናስብ። የመጀመሪያው በሄክታር 400 ኩንታል አገዳ ይሰጣል፤ ግማሹ ጭማቂ ሆኖ ይወጣል፤ ብሪክሱ 16 ነው። 200 ኩንታል ጭማቂ አገኘን ማለት ነው። ከብሪክሱ ሦስት አራተኛው የሚፈላ ስኳር ነው ብለን ብንይዝ 24 ኩንታል ስኳር ይሆናል። ከአንድ ኪሎ እንደ ግሉኮስ ያለ ስኳር ከፍ ቢል 0.511 ኪሎ ኢታኖል ስለሚገኝ፣ በወረቀት ላይ ወደ 1,550 ሊትር ኢታኖል ደረስን። ሁለተኛው ጥንቅሽ ብሪክሱ 20 ነው፤ ሲያኝኩት ማር ነው። ነገር ግን አገዳው ቀጭን ስለሆነ በሄክታር 200 ኩንታል ብቻ ይሰጣል፤ ጭማቂውም ከክብደቱ 35 በመቶ ብቻ ነው። በዚያው ስሌት 70 ኩንታል ጭማቂ፣ 10 ኩንታል ተኩል ስኳር፣ ወደ 680 ሊትር ኢታኖል ይሆናል። ጣፋጩ ከግማሽ በታች ሰጠ። መምህርህ ክፉ አልመከሩህም፤ በብሪክስ ብቻ ብትመርጥ ግን ሁለተኛውን ይዘህ የመጀመሪያውን ትጥለዋለህ። ስለዚህ የአገዳውን ቁመትና ውፍረት፣ ቅጠሉ ተገፎ የሚመዘነውን ክብደት፣ የጭማቂውን መጠንና ብሪክሱን ለየብቻ መዝግብ። ወላጆችን ስትመርጥም የአንዱን ጉድለት ሌላው የሚሞላለትን አጣምር።

ጭማቂ ያለውንና ደረቁን ለመለየት ደግሞ መሣሪያ ሳያስፈልግህ ማሳ ውስጥ ቆመህ የምታየው ምልክት አለ። የቅጠሉን መሃል አውራ ጅማት ተመልከት፤ ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ የአገዳው ውስጥ እንደ ቡሽ ደረቅ ነው፤ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ውስጡ ውኃ የቋጠረ ነው። ይህ በአንድ ዋና ዘረመል የሚወሰን ሲሆን በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ይህ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2018 ማንነቱ ታውቋል፤ ዘረመሉ ሲሠራ አገዳው ይደርቃል፣ ሲሰናከል ደግሞ ጭማቂ ይዞ ይቆያል። አንድ ነገር ግን አትርሳ፤ ጭማቂ ያለው ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። ጭማቂነት በአንድ ዘረመል ሲወሰን የስኳሩ መጠን ግን በብዙ ትናንሽ ዘረመሎች ድምር የሚመራ ነው።

ስለ ሦስቱ ቁጥሮችህ፣ ሦስቱም እውነት ናቸው። ስኳር በአገዳው ላይ እኩል አይከማችም። ከእያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ አምስት አገዳ ውሰድ፤ ከእያንዳንዱ አገዳ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ጭማቂ አውጥተህ ደባልቀህ ለካ፣ ወይም ሙሉውን አገዳ በመጭመቂያ አሳልፈው። ሁሉንም በአንድ የእድገት ደረጃ ላይ ለካቸው፤ ስኳሩ ከአበባ በኋላ እየጨመረ ሄዶ ፍሬው ጠንክሮ ጥፍር ሲያቅተው ወደ ጣሪያው ይቀርባል። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ከሆነ በነጋታው አትለካ።


የቃሉ የልማት ሠራተኛ፦

የጋሼ ማሽላ አዳቃይ መልስ ሙሉ ነው፤ እኔ ከማሳው ወገን ጥቂት ልጨምር። ጦሳ ግርጌ ናሙናዎቹን ከአራት ወረዳ ሲሰበስብ የተዘሩበትን ቀን ጠይቆ መዝግቦ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ካልመዘገበ ቁመታቸውን ማወዳደር አይችልም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአገራችን ነባር ማሽላ ቀን ሲያጥር የሚያብብ ነው። በእኛ ኬክሮስ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ቢሆንም ሰብሉ ያንን ይለያል። በሚያዝያ መጨረሻ ዝናብ አግኝቶ የተዘራና በሰኔ አጋማሽ የተዘራ አንድ ዓይነት ዘር ወደ አበባ የሚገቡት በተቀራረበ ጊዜ ነው፤ ቀድሞ የተዘራው ግን እስከዚያ ድረስ አንጓ ሲጨምር፣ ቁመት ሲጨምር ስለከረመ አገዳው የትየለሌ ይሆናል። እኔ በምሠራበት ቀበሌ አንድ ገበሬ ከአንድ ቋት ያወጡትን ዘር በላይኛው ማሳ በሚያዝያ፣ በታችኛው ደግሞ የመጀመሪያው ስለጠፋባቸው በሰኔ ዘሩት። በጥቅምት ላይ ስንሄድ የላይኛው ሰው በበቅሎ ላይ ሆኖ ዛላውን የማይደርስበት ነበር፤ የታችኛው ከትከሻዬ ብዙም አይበልጥም። አንድ ዘር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቢመጣ ሁለት ዝርያ ብሎ ይመዘግበው ነበር። በዘረመል ቋንቋ ይህን የሚመሩት የብስለት ዘረመሎች የሚባሉት ናቸው፤ ከእነርሱ ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2011 ተለይቶ ታውቋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ናሙናዎችህን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ ጎን ለጎን ሳትዘራ ስለ ልዩነታቸው አትናገር። የሚቻል ከሆነ ደግሞ በሁለት ቦታ ዝራቸው፤ አንዱ እንደ ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሌላው ወደ ባቲ ወረድ ብሎ ቆላው ላይ ቢሆን መልካም ነው። የደሴው ብርድ ለጥንቅሽ አይሆንም።

ስለ አጠባበቁም ላንሣ። ጥንቅሽ ረጅም ስለሆነ ነፋስ ሲመጣ ይጋሸባል። የተጋሸበ አገዳ አፈር ነክቶ ከየአንጓው ሥርና ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ስኳሩም በዚያ ይባክናል። ገበሬው ሽልሻሎ ሲያደርግ አፈሩ ወደ ተክሉ እግር ስለሚታቀፍለት መውደቁ ይቀንሳል። በመዝገብህ ላይ የመጋሸብ ደረጃን አንድ ዓምድ ስጠው፤ አቀንጭራ የሚባለውን ሥር መጣጭ አረምና የአገዳ ቆርቁርንም እንዲሁ። ቆርቁር የገባበትን አገዳ ሰንጥቀህ ብታይ ውስጡ ቀይ መስመር ሠርቶ ኮምጥጦ ታገኘዋለህ፤ ያንን ከጤነኛው ጋር ደባልቀህ እንዳትለካ።

አሁን በግልጽ የምለው ነገር አለኝ። በእኛ ወረዳ አገዳ የከብት ቀለብ ነው፤ ማገዶም አጥርም ነው። በበጋ በሬው የሚቆመው በማሽላ አገዳ ነው። ኢታኖል የሚያስፈልግ መሆኑን አልክድም፤ ግን «አገዳው ትርፍ ነው» ብሎ የሚጀምር ጥናት ገበሬውን አላወቀውም። ይህ በዝርያ መረጣህ ውስጥ መግባት ያለበት እንጂ ከጥናቱ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም።


የባቲዋ እኅታችሁ (አሁን ደሴ)፦

ምሁር አይደለሁም፤ ግን ያደግሁት ጥንቅሽ እያኘክሁ፣ ማማ ላይ ሆኜ በወንጭፍ ወፍ እየጠበቅሁ ስለሆነ አንድ ሁለት ነገር ልናገር።

እናቴ ጥንቅሹን የምትዘራው ከእህል ማሽላው ጋር ደባልቃ ሳይሆን ከቤት በኩል ባለው የማሳው ጠርዝ፣ ሁለት ሦስት ፈር ብቻ ነበር። ለዘር የምትተወውን አስቀድማ ትለየዋለች። እንዴት እንደምትለየው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከአንድ እግር ላይ ሁለት አገዳ የወጣለትን ትፈልግና አንዱን ቆርጣ ትቀምሳለች፤ ከጣፈጣት የሌላውን ዛላ በጨርቅ ጠቅልላ ታስረዋለች። ከዚያ በኋላ ያንን ማንም ልጅ አይነካውም። ሲደርቅ ዛላው ተቆርጦ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። እኛ ጥንቅሽ ሁሉ አንድ አይደለም ብለን እናውቅ ነበር። አንዱ ልጣጩ እንደ ምላጭ ከንፈር የሚቆርጥ፣ ውስጡ ግን ማር የሆነ፤ አንዱ በቀላሉ የሚላጥ፣ ውኃው አገጭ ላይ የሚንጠባጠብ፣ ለዛው ግን ቀለል ያለ፤ አንዱ ደግሞ ሁለት ጊዜ አኝከውት ምጣጩ ጥጥ የሚሆን።

ልጄ ጦሳ ግርጌን ግን ማስጠንቀቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ፍሬ ያላፈራ ወይም ዛላውን ወፍ የጨረሰው ማሽላ አገዳው ይጣፍጣል። ጥንቅሽ ያልሆነው እንኳ ይጣፍጣል! እረኞች ሁልጊዜ የሚፈልጉት ያንን ነው። መካን የሆነ የበቆሎ አገዳም እንዲሁ ነው፤ እርሱንም እኮ ጥንቅሽ ይሉታል። አንተ ማሳ ዳር ያገኘኸው፣ ወፍ መጀመሪያ የሚያርፈው ማሳ ዳር ነውና፣ ዛላው ሙሉ ነበር ወይ?


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የእኅቴን ጥያቄ እንዳነበብሁ ማስታወሻዬን አውጥቼ አየሁ። ከ31ዱ ናሙናዎች ዛላው ሙሉ መሆን አለመሆኑን የጻፍሁባቸው አራት ብቻ ናቸው። የተዘሩበትን ቀን የጻፍሁባቸው ደግሞ ምንም የሉም። የሐርቡው አገዳ ዛላው ግማሽ በግማሽ የተበላ እንደነበር በዓይኔ ይታየኛል፤ 17 ያሳየኝ እርሱ ነው። ስለዚህ የአምናውን የብሪክስ ቁጥር በሙሉ ትቼ፣ ዘሩን ብቻ ይዤ፣ ዘንድሮ በአንድ ማሳ ላይ እንደ አዲስ እዘራዋለሁ። አንድ ዓመት ማለፉ ቢያሳዝነኝም በተሳሳተ ቁጥር ከመመረቅ ይሻለኛል።

ለጋሼ ማሽላ አዳቃይ የቀረኝ ጥያቄ ስለ ዲኤንኤው ነው። ገንዘቤ ውሱን ነው፤ መስክ ላይ የሚታየውን ባህርይ በደንብ ከለካሁ የዲኤንኤ ምርመራው የግድ ያስፈልገኛል?


ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

የኬሚካል ምህንድስና መምህር ስለሆንኩ ጋሼ እስኪመለሱ ድረስ ከፋብሪካው በር ላይ ሆኜ የሚታየኝን ልናገር። ለኢታኖል የሚዳቀል ጥንቅሽ ከልጆች ጥንቅሽ የሚለይበት ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። የተቆረጠ አገዳ ስኳሩን ይዞ አይቆይም፤ በሙቀት ቦታ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ባክቴሪያ ስኳሩን ወደ አሲድ መቀየር ይጀምራል። የወጣው ጭማቂ ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ ይበላሻል። ስለዚህ በመኸር ጊዜ የአካባቢው ማሳ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢደርስ መጭመቂያው ያን ሳምንት አይችለውም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። እኔ ከአዳቃይ የምፈልገው አንድ ምርጥ ዝርያ ሳይሆን ቀደም የሚል፣ መካከለኛና ዘግየት የሚል ሦስት አራት ዝርያ ነው። ጦሳ ግርጌ የመድረሻ ጊዜ ልዩነትን እንደ እንከን ሳይሆን እንደ ሀብት እንዲያየው እመኛለሁ።

የስኳሩ ዓይነት ለኢታኖል ብዙም አያስጨንቅም። የጥንቅሽ ጭማቂ ከሱክሮስ በተጨማሪ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚኖረው ጥሬ ስኳር አድርጎ ማርጋት ያስቸግራል፤ እርሾ ግን ሦስቱንም ስለሚጠቀም ለነዳጅ ሲሆን ችግሩ ይቀራል።

የልማት ሠራተኛው ስለ ቀለብ ያነሣው ቁም ነገር ነው፤ እኔ ግን ጭማቂው ከወጣ በኋላ ምጣጩና ቅጠሉ ለከብት ሊመለስ እንደሚችል አስባለሁ። በማሽላ ውስጥ የቅጠሉ አውራ ጅማት ቡናማ የሚሆንባቸው ዓይነቶች አሉ፤ በእነርሱ አገዳ ውስጥ ሊግኒን የሚባለው እንጨት የሚያደርገው ነገር ስለሚቀንስ ለከብት ሆድም ይቀልላል፣ ወደፊት ገለባውን ራሱን ወደ ኢታኖል ለመቀየርም ይመቻል። ሊግኒን ሲቀንስ የመጋሸቡ ነገር እንዳይብስ ግን መጠንቀቅ ያሻል።


የቃሉ የልማት ሠራተኛ፦

ቦርከና ያለው ከተደረገ ገበሬው ይስማማል ብዬ አምናለሁ፤ ምጣጩ የሚመለስ ከሆነ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ማሽላ ከብት እንዳይግጠው። ለጋው ሲያናይድ የሚያወጣ መርዝ ስላለው ላም በቆመችበት ይጥላል። ገበሬዎቻችን ይህን ያውቃሉ፤ አገዳ በጊዜ ተቆርጦ ወደ ፋብሪካ የሚሄድ ከሆነ ግን እርጥበት ባለው ማሳ ላይ ቡቃያው ስለሚበዛ አደጋውም ይጨምራል።


ማሽላ አዳቃይ (ኮምቦልቻ)፦

የባቲዋን እኅታችንን አመሰግናለሁ። እኔ በመጀመሪያው መልሴ ማንሣት ሲገባኝ የዘነጋሁትን እርሳቸው አነሡት። ፍሬ የሚሞላው ከአገዳውና ከቅጠሉ በሚሄድ ስኳር ነው፤ ፍሬው ከተበላ ወይም ካልያዘ ስኳሩ የሚሄድበት አጥቶ አገዳው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በሙከራ ማሳህ ላይ ወፍ ከገባ የምትለካው የወፉን ሥራ እንጂ የዘረመሉን አይደለም። እናታቸው ከአንድ እግር ከወጡት ሁለት አገዳዎች አንዱን ቀምሰው ሌላውን ለዘር ማስቀረታቸው ደግሞ በትምህርት ቤት የማስተምረው የመረጣ ዘዴ ነው፤ ዘሩን ሳያጠፉ የዚያኑ ተክል ጣዕም ማወቂያ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ወደ ዲኤንኤው ልምጣ። የማሽላ ሙሉ የዘረመል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ተነብቧል፤ 10 ጥንድ ክሮሞዞምና ወደ 730 ሚሊዮን የሚጠጋ የዲኤንኤ ፊደል አለው፤ ይህም ከበቆሎ በጣም ያነሰ ስለሆነ ለመመርመር ይቀልላል። ገንዘብህ ውሱን ከሆነ ሁሉንም ማስመርመር አይጠበቅብህም። መጀመሪያ መስክ ላይ ለካ፤ ከዚያ ለማዳቀል ያጨሃቸውን አሥር አሥራ ሁለት ብቻ አስመርምር። ምርመራው የሚነግርህ የትኛው ይጣፍጣል የሚለውን ሳይሆን የትኞቹ እርስ በርስ ይራራቃሉ የሚለውን ነው፤ አንተም የምትፈልገው እርሱን ነው። በስም የተለያዩ ሁለት ናሙናዎች አንድ ሆነው፣ በስም አንድ የሆኑት ደግሞ ሁለት ሆነው ልታገኝ ትችላለህ። በዚህ ግን የገበሬውን ስም ለመናቅ አትቸኩል፤ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ማሽላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት የገበሬዎቹ አሰያየም በልኬት ከተገኘው አመዳደብ ጋር በአብዛኛው ተስማምቷል።

ዘሩን ንጹሕ አድርገህ መያዝ ይኖርብሃል። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ከጎረቤት የሚመጣ ብናኝም ይቀበላል። ጥንቅሹ ደግሞ ሁልጊዜ በእህል ማሽላ መካከል የሚኖር ነው። ስለዚህ ዛላው ከቅጠሉ ጉያ እንደወጣ፣ አበባው ሳይፈነዳ፣ በወረቀት ከረጢት ሸፍነው። ከረጢቱ ላይ በእርሳስ ጻፍ፤ በእስክሪብቶ የጻፍከውን ዝናብ ያጥበዋል። እኔ በወጣትነቴ የአንድ ወቅት ስብስቤን ስያሜ በወረቀት ጽፌ ከዘሩ ጋር ከረጢት ውስጥ ጨምሬው አይጥ ወረቀቱን ከዘሩ ጋር በላብኝ። የቀረው ዘር ጥሩ ዘር ነበር፤ ከየት እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለማንም መስጠትም አልቻልኩም። አንተ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ የሰጠህን ሰው ፈቃድ፣ የተዘራበትን ወር፣ ለምን እንደሚዘሩት በሁለት ቦታ መዝግበህ ያዝ።

ፈቃድን ካነሣሁ አይቀር፣ የዘረመል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለ ማግኘትና ስለ ማኅበረሰብ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። ናሙና ከአገር ውጭ ለምርመራ የምትልክ ከሆነ አስቀድመህ ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር ተነጋገር። የዘር ባንኩ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የተሰበሰበ ማሽላ ስላለው፣ ከደቡብ ወሎ የተሰበሰቡትን ብትጠይቅ አሁን ከማሳ የጠፉ ጥንቅሾችን ልታገኝ ትችላለህ። ከዚሁ አገር የወጣ ማሽላ ምን እንዳደረገ ለማስታወስ ያህል፣ ከአበባ በኋላ ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ ሳይደርቅ የሚቆይበትን ባህርይ አዳቃዮች በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚወስዱበት ቢ 35 የተባለው መስመር (ዘሩ ተጣርቶ የተያዘ የማዳቀያ ማሽላ) ምንጩ ኢትዮጵያዊ ዱራ ነው። ይህ ባህርይ ለአንተም ያስፈልግሃል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የቆየ ተክል አገዳው አይሰበርም፣ ስኳር መሥራቱንም አያቆምም።


የባቲዋ እኅታችሁ (አሁን ደሴ)፦

ጋሼ፣ የእናቴን ነገር እንዲህ አክብረው ስላነሡት እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ጦሳ ግርጌ፣ የዘንድሮውን ዘር መጨመር ከፈለግህ በኅዳር አጋማሽ ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ውረድ። ጥንቅሹ በእስር በእስር ሆኖ ከገበያው መግቢያ ላይ ይቆማል። ዛላው ተቆርጦ ስለሚመጣ ዘር አታገኝበትም፤ ግን ቅመሰውና የጣፈጠህን ሻጯን ከየትኛው መንደር እንዳመጣችው ጠይቃት። ብዙዎቹ ሴቶች ዛላውን እቤት ሰቅለውታል፤ በአክብሮት ከጠየቅሃቸው አይከለክሉህም። እኔም ያን ሰሞን እናቴ ጋ ስለምሆን አብሬህ ልሄድ እችላለሁ።


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

እኅቴ፣ እመጣለሁ። የወረቀት ከረጢትና እርሳስ ይዤ እመጣለሁ።